«ጠፍቷል» ሲሉዎት፦ ፒያሳ ላይ ኦፓልና ተርኮይዝ ስለመግዛት

ፒያሳ አንዱ ወርቅ ቤት ገብተው፣ ጣትዎን መስታወቱ ላይ አሳርፈው «ይሄስ ስንት ነው?» ብለው ከጠየቁ፣ ከዋጋው በፊት አንድ ቃል ይመጣል። «እሱ ድንጋይ እኮ ጠፍቷል፣ እህቴ።» ጠፋ የተባለው ድንጋይ እዚያው ዓይንዎ ሥር ተቀምጧል፤ ወንድሞቹም አጠገቡ ተሰልፈዋል።

ሻጩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ኦፓልም ሆነ ተርኮይዝ የሚጠፋበት ምክንያት አለው፤ እመጣበታለሁ። የሚጠፋው ግን ጥሩው ነው። ተራው ኦፓል በኪሎ ይሸጣል፤ ተራው ተርኮይዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተርኮይዝም አይደለም። ገዢ የሚጎዳው የጥሩው መጥፋት ተነግሮት ተራውን በጥሩው ዋጋ ይዞ ሲወጣ ነው። ስለዚህ «ጠፍቷል» ሲሉዎት «የትኛው?» ብለው ይመልሱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያቺን አንዲት ጥያቄ በልበ ሙሉነት ለመጠየቅ የሚሆን ስንቅ ነው።

ከቤት ሳይወጡ

አስቀድመው የሚወስኑት ድንጋዩ የት እንደሚውል ነው፤ ጣት ላይ፣ ጆሮ ላይ ወይስ አንገት ላይ? የድንጋይ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ይለካል፤ አልማዝ 10 ላይ ነው። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5፣ ተርኮይዝ ከ5 እስከ 6 ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ፣ ማለትም ኳርትዝ፣ 7 ነው። አቧራ የጠጣ ቀለበትዎን በነጠላዎ ጫፍ ፈተግ ባደረጉት ቁጥር በደቃቅ አሸዋ እየሞረዱት ነው። ሊጥ ለሚያቦካ፣ ዕቃ ለሚያጥብ፣ መሪ ለሚጨብጥ እጅ የኦፓል ቀለበት አልመክርም። ለጆሮና ለአንገት ግን ሁለቱም ድንጋዮች ረጅም ዕድሜ ይኖራቸዋል። ቀለበት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ፣ ወርቁ ድንጋዩን ዙሪያውን አቅፎ የያዘበትን ይምረጡ፤ በአራት ጥፍር ብቻ ተይዞ ጎኑ የተጋለጠው አንድ ቀን የመኪና በር ይመታዋል።

ወሩንም ይምረጡ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትም እንደዚያው። ያኔ ወርቅ ሠሪው እጁ ሞልቷል፤ የእጅ ዋጋውን ቀንስ ቢሉት ቀና ብሎም አያይዎት። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ መደብሩ ጭር ይላል፣ ሻጩም ወንበር ስቦ ያስቀምጥዎታል። ድንጋይ እያገላበጡ ለማየት የሚያስፈልገው ይኸው ጊዜ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዘው ከሄዱ ደግሞ እሱን ቡና ቤት ትተውት ይግቡ። ክፋት የለብኝም፤ የዶላር ሽታ ዋጋ እንደሚያስወጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁለት ወይም ከሦስት መደብሮች የዕለቱን የግራም ዋጋ መጠየቅ ደግሞ ነጻ ነው። ወርቅ የዓለም ገበያንም ዶላርንም ይከተላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የዚያን ሰሞን ትናንት የጠየቁት ዋጋ ዛሬ አይሠራም ነበር። ዛሬም ቢሆን ባለፈው ወር ጎረቤትዎ የገዛችበትን ዋጋ ይዘው አይሂዱ።

ዋጋውን ሰንጥቀው ይጠይቁ

አራዳ ድሮ የገበያ ስም ነበር። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ያን ትልቅ ገበያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ ወሰደው፤ ለአካባቢውም ፒያሳ የሚለውን ስም ተወለት። እህልና በርበሬው ሲሄድ ወርቁ ቀረ። «የአራዳ ልጅ» ሲባል የማይሸወድ ማለት ሆኖ የቀረውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. አሮጌዎቹ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ብዙ ነጋዴ ቦታ ቀይሯል። ስለዚህ «የእናቴ ደንበኛ» የሚሉት ቤት የነበረበት ላይኖር ይችላል፤ አዲስ ሰው ፊት ነው የሚቆሙት።

ከአዲስ ሰው ፊት ሲቆሙ ፈርጥ ያለውን ጌጥ በጅምላ ዋጋ አይስሙ። «የወርቁን ለብቻ፣ የድንጋዩን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ንገረኝ» ይበሉ። የወርቁ የግራም ዋጋ ከቤት ቤት ብዙም አይራራቅም፤ ለክርክርም አይመችም። የእጅ ዋጋው ይከራከሩበታል። ድንጋዩ ግን ሜዳው ክፍት ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ሊጠራ የሚችለው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ሚዛኑን ይዩ። ቀለበቱ ከነፈርጡ ሚዛን ላይ ወጥቶ 6 ግራም ቢያነብና ሻጩ 6ቱንም በወርቅ ዋጋ ቢያባዛ፣ ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ገዙት ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ የድንጋይ ተብሎ ሌላ ይጨመርበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ካራት ድንጋይ አንድ ግራም ነው። ፈርጡ 7 ካራት ከሆነ 1.4 ግራም ይመዝናል፤ ወርቁ 4.6 ግራም ብቻ ነው። ማኅተሙ 750 ካለ ባለ 18 ካራት ነው፣ ከ4.6ቱ ንጹሑ ወርቅ 3.45 ግራም ይሆናል ማለት ነው። 875 ከሆነ ባለ 21፣ 585 ከሆነ ባለ 14። የወርቅ ካራትና የድንጋይ ካራት ስማቸው አንድ ሆኖ ሥራቸው ይለያያል፤ የመጀመሪያው ንጽሕና ነው፣ ሁለተኛው ክብደት። ይህን ሳያምታቱ አንዴ ሲናገሩ ከሰማዎት የሻጩ አነጋገር ይለወጣል።

ያው ቀለበት ነገ ለመሸጥ ሲመጣ ደግሞ ፈርጡ ተቀንሶ እንደሚመዘን ያስታውሱ። ስትገዛ አብሮ የተመዘነ ድንጋይ ስትሸጥ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ሲቀመጥላት ያየኋት ሴት ነበረች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

የወሎው ድንጋይ

አሁን ወደ ኦፓል። የአገራችን ኦፓል ለዓለም ገበያ የታወቀው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ በፈረንጆች 1990ዎቹ ከሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ ቸኮሌት የመሰለ ድንጋይ ወጣ። መልኩ ያማረ ነበር፤ ግን ብዙው ተሞርዶ ገበያ ከወጣ በኋላ እየተሰነጣጠቀ ነጋዴን አሳፈረ። ከዚያ በ2008፣ እንደ እነሱው አቆጣጠር፣ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ ወገልጤና አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ፤ ነጭና ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ቀስተ ደመና የታሰረበት። በዚያው አቆጣጠር በ2013 ደግሞ ከዚያ ወደ ሰሜን ስታይሽ ከሚባለው ስፍራ ጥቁሩ መጣ። የወገልጤናው ድንጋይ በጠንካራነቱ ከመዘዞው ይሻላል፤ ነገር ግን የታላቅ ወንድሙን ስም ወርሶ ለዓመታት «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» ሲባል ኖረ። ከአውስትራሊያው ይልቅ ረክሶ የመሸጡ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ድንጋይ የሚወጣው ከገደል ወገብ ነው። ኦፓሉ በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል እንደ ቀሚስ ጥለት ቀጭን ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከአንድ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ንብርብር ነው። ገበሬው ከገደሉ ጎን ዋሻ እየቦረቦረ ይገባበታል። ከላይ የሚጫነው ዐለት ሲናድ የሰው ሕይወት ይጠፋል። ክረምት ሲገባና እርሻ ሲጠራ ሥራው ይቀዘቅዛል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ደግሞ መንገዱም አብሮ ተዘጋ፤ ከዚያም በኋላ አገሩ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። ከወጣው ጥሬ ድንጋይ ብዙው ሳይሞረድ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዋናው መዳረሻ የህንዷ ጃይፑር ናት። ድንጋይ ሲሞረድ ደግሞ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። አሥር ጥሬ ድንጋይ ቢደረደር ከለር (ያ ቀስተ ደመናው) ኖሮት፣ ሳይሰነጠቅ፣ ለፈርጥ የሚሆን ውፍረት ይዞ የሚገኘው ጥቂት ነው። ፒያሳ መስታወት ሥር ያለው ከዚያ ሁሉ ወንፊት ያለፈ ነው፤ ወይም ወንፊቱ የጣለው ነው። የእርስዎ ሥራ የቱ መሆኑን ማወቅ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ድንጋዩን ከመብራቱ ያውጡት። የወርቅ ቤት አምፖል የተሠራው ማንኛውንም ነገር እንዲያበራ ነው፤ እዚያ ሥር የጠርሙስ ስባሪም ያምራል። «በር ላይ ልየው» ይበሉ፤ ሻጩ አብሮዎት ይምጣ፣ ምንም ነውር የለውም። በጥላ ውስጥ፣ በተራ የቀን ብርሃን ከለሩ የሚታይ ድንጋይ ጥሩ ነው። ከዚያ በቀስታ ያዙሩት። ከአንድ ወገን ብቻ የሚያበራና ትንሽ ሲያዘነብሉት የሚሞት ድንጋይ ጣትዎ ላይ አብዛኛውን ቀን እንደሞተ ይውላል። ከለሩን ሲያዩ ቀይ ካለበት ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ፣ ከዚያ አረንጓዴ፤ ሰማያዊ ብቻ የሆነው ከሁሉ ይረክሳል። ከለሩ እንደ ማር እንጀራ ዓይን በዓይን የተደረደረበት የወሎ ኦፓል ፈላጊው ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ካገኙ «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል ማመን ይጀምሩ።

ከጎኑም ይዩት። ኦፓሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ከጎን በኩል ቀጥ ያለ የማጣበቂያ መስመር ያያሉ። ከሥሩ በወርቅ የተደፈነ ጌጥ ይህን ይደብቃል፤ ስለዚህ ሥሩ የተደፈነ ኦፓል ሲገዙ ሻጩ ሙሉ ድንጋይ ስለመሆኑ ደረሰኝ ላይ ይጻፍልዎ። ሰው ሠራሹን ደግሞ የሚያጋልጠው ሥርዓቱ ነው፤ ከለሩ እኩል በእኩል የተከፋፈለ፣ ከላይ የእንሽላሊት ቆዳ፣ ከጎን የተደረደሩ አምዶች ይመስላል። ተፈጥሮ እንዲህ በማስመሪያ አትሠራም።

ውሃው

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ይህን አንድ ነገር ብቻ አውቀው ቢሄዱ ጉዞዎ አይባክንም።

ባየው የማይሰለቸኝ ነገር ነው። ደረቁን ነጭ ኦፓል ከሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። መጀመሪያ ከዳር ዳሩ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች እየተንጠባጠቡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ድንጋዩ ትንፋሹን የሚያስወጣ ይመስላል። ቆይቶ ነጭነቱ ከዳር ወደ መሐል እየሸሸ እንደ ቅቤ የነካው ብራና ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ከለሩም ይደበዝዝና አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። አውጥተው ሲያደርቁት፣ እንደ መጠኑ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ፣ ወደ መልኩ ይመለሳል። ድንጋዩ አልተበላሸም፤ ጠባዩ ነው።

ከዚህ ጠባይ ግን ለኪስዎ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ይከብዳል፤ አንዳንዱ እስከ አንድ አሥረኛ ክብደት ይጨምራል። በካራት ወይም በግራም የሚገዙ ከሆነ ውሃም በኦፓል ዋጋ ይመዘንብዎታል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ድንጋይ በሃይላንድ ውሃ ተዘፍቆ ሲቀርብልዎ ውሃው ስንጥቁን ይሸፍናል፤ እርጥብ ስንጥቅ በዓይን አይያዝም። አንድ ጊዜ ከደላንታ የመጣ ወጣት ጠርሙሱን ከፍቶ መዳፌ ላይ አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ ጣለልኝ። ዕፁብ ነበረች። «ደርቃ ልያት» አልኩት። ሳቀና «አንቺማ የሥራው ሰው ነሽ» ብሎ ሌላ ድንጋይ ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ያ ደረቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣል፣ ጢስም ይጠጣል። መስታወት ሥር የምናየው ደማቅ ሐምራዊና ሮዝ ኦፓል የተነከረ ነው፤ ከወሎ ገደል እንዲያ ያለ ቀለም አይወጣም። ጥቁሩ ይበልጥ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም የስታይሽ እውነተኛ ጥቁር አለ፤ በጢስ የጠቆረም አለ። የጠቆረው ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር ወጥ የሆነ ጥላሸት ነው፤ በጥቃቅን ስንጥቆቹና በጉድጓዶቹ ውስጥ ጥቁሩ ተጠራቅሞ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ እያንዳንዱ ወርቅ ሠሪ ባለ አሥር እጥፍ መነጽር መሳቢያው ውስጥ አለው።

ስለ ምላስ ሙከራም ይሰሙ ይሆናል። ደረቅ የወሎ ኦፓል ጫፉ ምላስ ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል። እውነት ነው፤ ብርጭቆና ፕላስቲክ አይጣበቁም። ነገር ግን የተነከረውም ይጣበቃል፤ በሙጫ የተደፈነው እውነተኛ ኦፓል ደግሞ ላይጣበቅ ይችላል። በዚያ ላይ ከእርስዎ በፊት ስንት ሰው እንደላሰው ይቁጠሩት። እርጥብ ድንጋይ ሲሰጥዎት ከዚህ የሚሻለው ዘዴ ቀብድ ሳይከፍሉ «ይድረቅና ነገ እመለሳለሁ» ማለት ነው። ነጋዴው ከተስማማ ቶሞካ ቆመው አንድ ቡና ይጠጡና ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ካልተስማማ ደግሞ ቡናውን ጠጥተው ሌላ ቤት ይግቡ።

ተርኮይዝ የሚሉት

ይህኛው የእኛ አይደለም። አገራችን በኦፓል፣ በሻኪሶ መረግድና በትግራይ ሰንፔር ስሟ ይነሳል እንጂ በተርኮይዝ አይደለም። ቤሩትና ጅዳ የኖሩ እህቶቻችን ፈይሩዝ ብለው ያውቁታል፤ የሊባኖሷ ዘፋኝ ፌሩዝ የመድረክ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ድንጋይ ነው። ለዓይን፣ ለቡዳ ይበጃል የሚለው እምነትም ከዚያው ወገን የመጣ ነው። ለቡዳ ከሆነ ፕላስቲኩም ያው አይሠራ እንደሆነ እንጃ፤ ለዋጋው ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ተርኮይዝ መዳብና አሉሚኒየም ያለበት ፎስፌት ነው፤ ሰማያዊነቱን የሰጠው መዳቡ ነው። የሚገኘው ዝናብ በማይበዛበት አገር ነው። የጥንት ግብፃውያን ከሲና በረሃ ሲቆፍሩት ኖረዋል፤ የኢራኗ ኒሻፑር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ታወጣዋለች። ስለ መወደዱ ሲነሳ የሚጠቀሰው ግን አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ያለው «ስሊፒንግ ቢውቲ» የሚባል የመዳብ ማዕድን ነው። ጥቁር መስመር የሌለበት ጥርት ያለ ሰማያዊ ተርኮይዝ ከዚያ ይወጣ ነበር። በ2012 እንደ ፈረንጆች ተርኮይዙን ማውጣት ሲያቆም ያ ዓይነት ድንጋይ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ፒያሳ ድረስ የመጣው «ጠፍቷል» ዘሩ ከዚያ ነው። ነገር ግን ያ አሪዞና የጠፋው ድንጋይ በመጀመሪያም ፒያሳ መጥቶ አያውቅም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ዳር ባሉት የጌጣጌጥ ሱቆች ተርኮይዝ ተብሎ የሚሰጥዎት ከአራቱ አንዱ ነው። ምንም ያልነካው የተፈጥሮ ድንጋይ ብርቅ ነው። ቀጥሎ ለስላሳው ድንጋይ እንዳይፈረፈር ሙጫ የጠጣው አለ፤ ይህ እውነተኛ ተርኮይዝ ነው፣ ሻጩ እስከተናገረ ድረስም ነውር የለበትም፣ ዋጋው ግን ዝቅ ማለት አለበት። ሦስተኛው ብናኙ በሙጫ ተቦክቶ እንደ ጡብ የተጨመቀ ነው። አራተኛው ሃውላይት ወይም ማግኔሳይት የሚባል ነጭ ድንጋይ ሰማያዊ ተነክሮ ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። ሃውላይት በተፈጥሮው ጥቁር የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ስላለው ቀለም ሲነከር የተርኮይዝ መንትያ ይሆናል።

ለመለየት የጨሌውን ቀዳዳ ይዩ። ክር የሚገባበት ውስጡ ነጭ ከሆነ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ለፈርጥ ደግሞ ሻጩን አስፈቅደው ጥጥ በአሴቶን፣ ያው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ነክረው ከጀርባው ያሹት። ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ነገሩ ተነግሮዎታል። ጥጡ ነጭ ሆኖ ቢመለስ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ በላዩ የተቀባ ሙጫ ቀለሙን ሊይዘው ይችላል። ይህን ሙከራ ኦፓል ላይ እንዳይሞክሩት፤ የሚጠጣ ድንጋይ መሆኑን አይርሱ። ሠላሳ ጨሌ በመልክም በመጠንም አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ ክር ላይ ካዩና ዋጋው የምሳ ዋጋ ከሆነ፣ ደስ ካለዎት ለመልኩ ይግዙት፤ ስሙን ግን ለሻጩ ይተዉለት።

ካራቱም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የወሎ ኦፓል ቀላል ነው፤ ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲመዘን እጥፍ አይሞላም፤ ተርኮይዝ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ በዓይን እኩል የሆኑ ሁለት ፈርጦች ካራታቸው እኩል አይደለም፤ ተርኮይዙ በመቶ 40 ገደማ ይበልጣል። የአንዱን የካራት ዋጋ በሌላው አይለኩ።

ተርኮይዝ ብዙውን ጊዜ በብር ነው የሚሠራው። ሻጩ «አሮጌ ነው፣ የጠገራ ብር ነው» ካለዎት ማኅተሙን ይፈልጉ። 1780 የተጻፈበት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው። የድሮ ብር ሠሪዎቻችን ያን አቅልጠው ነበር መስቀሉንም አልቦውንም የሚሠሩት። ጠገራ ነው የተባለው ዕቃ ላይ 925 ተመትቶ ካገኙ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ውሸቱን ጮኸው አይናገሩ፤ ዋጋ ሲቆርጡ ይጠቀሙበት።

ሲከራከሩ

ረጅም ምክር የለኝም። ሻጩ መጀመሪያ ዋጋ ይጥራ። እርስዎ ወርቁን በዕለቱ ዋጋ ይቀበሉ፣ ስለ ድንጋዩ ግን ያዩትን ጉድለት በስሙ ይጥሩ፤ «ከዚህ ወገን ከለር የለውም»፣ «እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ»፣ «ሙጫ ጠጥቷል»። «ውድ ነው» የሚል ገዢ መልስ አያጣም፤ ስንጥቁን በጥፍሩ ያሳየ ገዢ ግን ሻጩን ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ ይህችን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት ጊዜ መጨረሻ የለም። ወጥተው ሦስት በር ተራምደው ካልተጠሩ ዋጋው እውነትም መጨረሻው ነው።

ሲስማሙ ደረሰኙ ላይ የወርቁ ካራትና ግራም ለብቻ፣ የድንጋዩ ስምና ካራት ለብቻ፣ የተነከረ ወይም ሙጫ የጠጣ ከሆነ እሱም ይጻፍ። «ፈርጥ ያለው ቀለበት፣ 1» ብሎ የሚቆም ደረሰኝ ለግብር እንጂ ለእርስዎ አልተጻፈም። ጌጡ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ይኸው ደረሰኝ ቦሌ ላይ ያስፈልጋል። ጥሬ ድንጋይ በሻንጣ ይዞ መውጣት ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ አክስት ለልጆቿ ማስታወሻ ብላ የያዘችው ቢሆንም።

ቤት ከገባ በኋላ

አክስት ካነሳሁ አይቀር። የዛሬ ስድስት ዓመት ለአንደኛዋ አክስቴ የኦፓል ጉትቻ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ ከለር የሚፈነጥቅ። ሻጩ ስለ ውሃ ነግሮኝ ነበር፣ እኔም ነገርኳት። ስለ ቅቤ ግን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አላሰብኩ። ለፋሲካ ማግስት አናቷን ለጋ ቅቤ ተቀብታ፣ ሻሽ አስራ፣ ጉትቻውን ሳታወልቅ አደረች። ጠዋት ሁለቱም ድንጋዮች የጎመን ዘር ዘይት መስለው ነበር። ውሃ ቢሆን ይደርቅ ነበር፤ ቅባት ግን አይወጣም። እስከ ዛሬ ታደርገዋለች፣ «የወርቅ መልክ ያዘልኝ» እያለች።

ስለዚህ ቅቤ ሲቀቡ፣ ሽቶ ሲረጩ፣ ወጥ ሲያቁላሉ ኦፓሉንም ተርኮይዙንም ያውልቁ። ተርኮይዝ ላብና ቅባት ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ወሎዬ ሆነው ወይባ ጢስ የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ኦፓል ይዘው እንዳይገቡ፤ ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል፣ ጢሱ ያጠቁረዋል፣ በነጭ ዋጋ የገዙትን በገዛ እጅዎ ጢሰኛ ያደርጉታል። ወርቅ ቤት ለማሳጠብ ሲወስዱ «ድንጋዩን መኪናው ውስጥ እንዳትከተው» ይበሉ፤ ያ የሚንቀጠቀጠው ማጠቢያ ለሁለቱም አይሆንም። በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ሳያስቡት ውሃ ውስጥ ገብቶ ከለሩ ከጠፋ አይደንግጡ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት፣ የፀጉር ማድረቂያም አይንፉበት፤ በድንገት የደረቀ ኦፓል ይሰነጠቃል። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው መሳቢያ ውስጥ ይተዉት፣ በየቀኑም እየከፈቱ አይነካኩት። ትልቅ ድንጋይ ከሆነ ሁለት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፤ መጀመሪያ ከዳሩ ነጣ ይላል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት መሳቢያውን ሲስቡት አረንጓዴው ተመልሶ ያዩታል።